የሥዕል ፕሮግራሙ በነፃ ነው፤ ፊልሙ ግን ወጪ አለው

ቀራንዮ አካባቢ በአንዲት ክፍል ኮምፒዩተር፣ ስካነርና ፕሪንተር ደርድሮ የሚሠራ ሰው የሥዕል ፕሮግራም የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በፍላሽ ተገልብጦለት ነው። ቅጂው ቁልፉ የተሰበረ መሆኑን ሰጪም ተቀባይም ያውቃሉ። ለሠርግ ጥሪና ለባነር ሥራ ይህ ብዙም ሲያስጨንቅ አልታየም። የሥዕል ታሪክ አሳትሞ ለመሸጥ ወይም የካርቱን ፊልም ለቴሌቪዥን ጣቢያ ለማቅረብ ሲታሰብ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ልክ እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል። በተሰረቀ መሣሪያ የተሠራን ፊልም ይዞ ከውጭ ገዢ ጋር ውል መፈራረም፣ የሰነድ ጥያቄ በመጣ ጊዜ ራስን ማጋለጥ ነው። በሕጋዊ መንገድ እንግዛ ቢባልስ? ፎቶሾፕ ብቻውን በወር ከ20 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ሦስት ሠዓሊ ላለው ቤት ይህ በዓመት ከ720 ዶላር ይበልጣል። የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ከመለቀቁ በፊት፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ በነበረበት ወቅት፣ ወጪው ወደ 41 ሺሕ ብር ነበር። ዶላር መቶ ብርን ካለፈ ወዲህ ከ72 ሺሕ ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ ክፍያው በብር ካርድ አይሆንም።

ሦስተኛው መንገድ ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው። «ነፃ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ ዋጋ የማይከፈልበት፣ ደግሞም ከባለቤት ቁጥጥር የወጣ። እዚህ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን መገልበጥ፣ ለሌላ መስጠትና ውስጡን ከፍቶ ማሻሻል ይፈቀድለታል። ነጋዴውን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ሌላ ነው፤ በፕሮግራሙ የተሳለው ሥዕል የሠዓሊው ንብረት ነው፣ ያለ ምንም ድርሻ ክፍያ ሊሸጠው ይችላል።

ከእነዚህ መካከል ክሪታ ለሥዕል ታሪክ ይመረጣል። ለማተሚያ ቤት በሚያስፈልገው የአራት ቀለም አሠራርም ይሠራል። የንግግር ፊኛና የአማርኛ ጽሑፍ በኢንክስኬፕ ማስገባት ይቻላል። ኦፕንቱንዝ የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ሲጠቀምበት የኖረው የቱንዝ ነፃ ቅጂ ሲሆን የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

በነፃ የሚሰጥ ነገር ከየት ይመጣል ለሚል ነጋዴ የብሌንደር ታሪክ ጥሩ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፕሮግራሙን የያዘው የሆላንድ ኩባንያ በባለሀብቶቹ ተዘጋ። ፈጣሪው ቶን ሩዘንዳል ባለሀብቶቹን 100 ሺሕ ዩሮ ከተከፈላችሁ ልቀቁት ብሎ አስማማ፤ ገንዘቡም በሰባት ሳምንት ከተጠቃሚዎች ተዋጣ። ዛሬ ፕሮግራሙ የሚኖረው በመዋጮ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ አምራቹ ኤፒክ እ.ኤ.አ. በ2019 በሦስት ዓመት ውስጥ የሚከፈል 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታውቋል። ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ለጽድቅ ሳይሆን ራሳቸው ስለሚሠሩበት ነው። የካቲት 2017 ኦስካር የወሰደው የላትቪያው ካርቱን ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ በብሌንደር ሲሆን በጀቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ እንደነበር ተዘግቧል። ለሆሊውድ ይህ ሽርፍራፊ ነው፤ ለአዲስ አበባ ግን ትልቅ ገንዘብ ነው። ፕሮግራሙ በነፃ ሆኖም ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቷል።

በአገር ውስጥ ሥራው ከትንሽ ክፍል ሊጀመር እንደሚችል የታየ ነው። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የጀመረችው በመኖሪያ ቤታቸው በአሻንጉሊት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። በሥዕል ታሪክ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የበሰራት ደበበ «ጀምበር» ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ወጣትን ጀግና አድርጎ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀርቧል።

ገንዘቡ የሚሄደው ለጉልበት ነው። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ይፈልጋል፣ አንድ ደቂቃ 1,440። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እንዲታይ ተደርጎ ቢቆጠብ እንኳ 720 ሥዕል ይቀራል። አንድ ሠዓሊ በቀን 20 ይጨርሳል ብለን ብንነሳ አንዲት ደቂቃ 36 የሥራ ቀን ትወስዳለች፤ ቀለምና ድምፅ ገና ሳይጨመሩ። ስለዚህ «ፕሮግራሙ በነፃ ነው» ብሎ ለማስታወቂያ ድርጅት የወረደ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው የሚቀንሰው ከሠዓሊው ደመወዝ ላይ ነው። ቆጣቢው ዘዴ ገጸ ባሕርዩን እጅና እግሩን ለያይቶ እንደ አሻንጉሊት ማንቀሳቀስ ሲሆን፣ ሲንፊግ በሁለት አቋቋም መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ራሱ ይሞላል። እንቅስቃሴው ደረቅ ይላል፤ ለሠላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ ግን ያስኬዳል።

በብሌንደር ለሚሠራ ደግሞ መብራት አለ። ለአንድ ምስል ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ኮምፒዩተር አንዲት ደቂቃ ፊልም ለማውጣት 48 ሰዓት ሳይጠፋ መሥራት አለበት። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ውጤቱን በአንድ የፊልም ፋይል ሳይሆን በተናጠል ምስሎች ያስቀምጣሉ። መብራት በ900ኛው ላይ ቢጠፋ ሥራው ከዚያው ይቀጥላል። በአንድ ፋይል ያስቀመጠው ግን ከአንድ ይጀምራል።