በአዊ ቆላ የሚደማው ዛፍ

ስለ አዊ ዞን ወሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ደጋው ነው፦ የእንጅባራ ብርድ፣ የዘንገና ሐይቅ፣ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል። ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ ጃዊ የገባ ሰው ግን ሌላ አገር ያገኛል። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ሽመሉና ረጅሙ ሣር መንገድ ይዘጋል፣ በጋ ላይ ሜዳው ሁሉ ይነድዳል። ነጭ እጣን የሚሰጠው ዛፍ የዚህ ቆላ ልጅ ነው።

ዛፉ ብዙ ጊዜ ከ12 ሜትር አይዘልቅም። ሌላው ዛፍ የሚሸሸውን ድንጋያማ ተዳፋት ይመርጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ወዲያ ግን እምብዛም አይወጣም። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው እንጅባራ እጣኑን በየቡናው ታጨሳለች እንጂ ዛፉን አታውቀውም። ግንዱ በሩቅ ይለያል፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት በስሱ እየተላጠ ይንጠለጠላል።

ጠባዩም ለየት ያለ ነው። ቅጠል የሚያወጣው በክረምቱ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። በጋው ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቀራል፤ አበባው የሚፈነዳው በዚያ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሌላ አበባ በሚጠፋበት ወር ማበቡ ለንብ ትልቅ ሲሳይ ነው።

ሰውም የሚመጣበት በዚያው በበጋ ነው። ክረምቱ ካበቃ በኋላ እጣን አድሚው ምንጋፍ የምትባለውን ትንሽ መፋቂያ ይዞ ይወጣና ከግንዱ ላይ በየቦታው ቅርፊቱን በስሱ ይልጣል። ከቁስሉ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያዥና አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለስና የደረቀውን ለቅሞ፣ ያንኑ ቁስል ትንሽ አስፍቶ እንደገና ይልጣል። ዝናብ እስኪጥል ድረስ ይህ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። የበጋው መጀመሪያ ላይ ጥፍር የማታክለው ቁስል ግንቦት ሲደርስ መዳፍ ታክላለች። ሥራው በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ ነው፤ ውኃም ሩቅ ነው። በጎረቤት የእጣን አገሮች በመተማና በቋራ ብዙዎቹ አድሚዎች ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። እጣኑ በጥላ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ በእጅ ይለቀማል፤ ነጣ ያለውና ጎላ ያለው አንደኛ ደረጃ ይባላል፣ ከቅርፊት የተቀላቀለው ድቃቂ መጨረሻ ላይ ይወርዳል። ከፊሉ ለቤተ ክርስቲያን ጽናና ለቡና ማጨሻ ይቀራል። የቀረው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ወደ ቻይናና ወደ አውሮፓ ተልኮ ሽቶና መድኃኒት ይገባበታል። ገበያው የትናንት አይደለም፤ የግብፅ ንግሥት ሐትሸፕሱት ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት ምድር መርከብ የላከችው ከሌላው ሁሉ ጋር እጣን ፍለጋ ነበር።

ችግሩ ዛፉ እያረጀ ልጅ አለመተካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪው ሞቱማ ቶሌራና ባልደረቦቹ የመተማን ዛፎች የእድሜ ቀለበት ቆጥረው፣ ላለፈው ግማሽ ምእተ ዓመት አዲስ ዛፍ አለመተካቱን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉ 23 ቦታዎችን ያየ ጥናት፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ሲል አስጠነቀቀ። ዘሩ ይበቅላል፤ ግን ቡቃያውን በየዓመቱ ሰደድ እሳት ይበላዋል፣ ከእሳቱ የተረፈውን ከብት ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። ትልቁን ዛፍ ደግሞ ግንዱን የሚቦረቡር ጥንዚዛ ይጥለዋል። ማድማቱም እዳ አለበት፦ በኤርትራ በተደረገ ጥናት ካልደሙ ዛፎች የተወሰደ ዘር ከመቶ ከ80 በላይ ሲበቅል፣ አብዝተው ከደሙት የተወሰደው ግን 16 አልሞላም። ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለሸንኮራ የሚመነጠረው መሬት ሲጨመርበት የጃዊ ጫካ ዕጣ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

የሚያስቆጨው አዊ ዛፍ መትከል የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን፣ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ላይ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመት ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዋግ በሽታ ቢያንገላታውም ብዙ ቤት አቁሟል። እጣን ግን ለዓመታት ይጠበቃል፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ የጋራ ወይም የመንግሥት ነው፤ ስለዚህ የሚተክለው የለም። ዘሩ ቢያስቸግር እንኳ ከወፍራም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃል። የጃዊ ወረዳ ችግኝ ጣቢያዎች በመጪው ክረምት ከባሕር ዛፍና ከግራቪሊያ ጎን ለዚህ ዛፍ ጥቂት መደብ ቢለቁለት፣ የእጣን ነጋዴዎችም የደከመውን ዛፍ ለጥቂት ዓመታት ማሳረፍን በውላቸው ቢያስገቡ ይበጃል፤ ይህም አሁን ባለው እውቀትና ጉልበት የሚሠራ ሥራ ነው።