ላሐሽ፦ እባብ ደጋሚውም ጸሎተኛውም የተጋሩት ቃል

ዳዊት ከኦርዮ ሚስት የወለደው ሕፃን ታመመና በሰባተኛው ቀን ሞተ። መርዶውን ግን ማን ይንገረው? ሕፃኑ በሕይወት ሳለ የሚሉትን አልሰማ ያለ ንጉሥ፣ ሞቱን ሲያውቅ በራሱ ላይ ክፉ ነገር እንዳያደርስ አገልጋዮቹ ፈሩ። እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ አያቸውና ነገሩ ገባው፤ ራሱ ጠየቃቸው። 2ኛ ሳሙኤል 12፥19 ላይ ዕብራይስጡ ለዚህ ሹክሹክታ የሚጠቀምበት ግስ ላሐሽ ነው። ጽሑፉ ዳዊት ቃሉን ሰማ አይልም፤ ሲንሾካሾኩ አየ ነው የሚለው። የተናገሩት ሳይሆን አነጋገራቸው መርዶ ሆነው።

ግሱ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ሦስት ጊዜ፣ ከእርሱ የወጣው ስም ደግሞ አምስት ጊዜ ብቻ ይገኛል። ጥቂት ቢሆንም የሚደርስበት ሩቅ ነው። በሳሙኤልና በመዝሙር 41 (በግእዙ ዳዊት 40) የገባው «ተ» ባለበት ቅርጹ ነው፤ እኛ ተንሾካሾኩ እንደምንለው። በመዝሙሩ የሚያማርረው፣ ጠላቶቹ አንድ ላይ ሆነው ሞቱን እየተመኙ የሚንሾካሾኩበት በሽተኛ ነው። በመዝሙር 58 ግን ቅርጹ ተለውጦ መላሐሺም ሲል፣ እባብ ደጋሚዎች ማለቱ ነው፤ ክፉዎች የደጋሚን ድምፅ ላለመስማት ጆሮዋን በደፈነች እባብ ይመሰላሉ።

እባብ ከዚህ ቃል አይርቅም። በዕብራይስጥ ስሙ ናሐሽ ነው፤ ከላሐሽ የሚለየው በመነሻ ፊደሉ ብቻ ነው። ነቢዩና ጠቢቡ ይህን አውቀው ተጠቅመውበታል ብዬ አምናለሁ። ኤርምያስ በ8፥17 ላሐሽ የማይገታቸው እባቦች እንደሚላኩ ያስጠነቅቃል። መክብብ 10፥11 ደግሞ እባቡ ሳይደገምበት ከነከሰ የደጋሚው ጥቅም ምን እንደሆነ ሲያነሣ፣ ባለሙያውን ባዓል ሃላሾን ይለዋል፤ ባለ ምላስ ማለት ነው። ናሐሽ፣ ላሐሽ፣ ላሾን ተከታትለው ሲነበቡ «ሽ»ው ራሱ እንደ እባብ ያፏጫል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዳዊት የሚደግም ሰው ጸሎተኛ ነው፤ ድግምት የሚደግመው ደግሞ ሌላ ነው፤ ግሱ ግን አንድ ነው። ላሐሽም እንዲሁ ነው። ኢሳይያስ በ3፥3 ከኢየሩሳሌም የሚወሰዱትን ታላላቆች ሲቆጥር ላሐሽ አዋቂውን ከኃምሳ አለቃውና ከአማካሪው ጋር ያሰልፈዋል። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 20 ላይ ሌሐሺም የሴቶች ጌጥ ናቸው፤ በአንገት የሚንጠለጠል ክታብ ሳይሆኑ አይቀሩም። በ26፥16 ግን ያው ቃል፣ በሚያከራክር አንድ ጥቅስ ውስጥ፣ በጭንቅ ያለ ሕዝብ ወደ አምላኩ የሚያፈስሰው ልመና ይሆናል። ስለዚህ ላሐሽን «ቀስ ብሎ መናገር» ብቻ አድርጎ መፍታት አይበቃም። ከድምፁ ማነስ ይልቅ የሚመዝነው ቃሉ ለማን እንደተላከና ምን እንዲያደርግ እንደተላከ ነው።

ቃሉ ዘመድም አለው። ዕብራይስጥ «ሽ» በሚልበት ግእዝ ብዙ ጊዜ «ስ» ይላል፤ ሼም ስም፣ ሮሽ ርእስ ነው። በሶርያ፣ በጥንታዊቷ ኡጋሪት በተገኙ የሸክላ ጽላቶች ላይም ይኸው ሥር አለ፤ የጉሮሮ ፊደሉም ብዙኃኑ «ኀ» ነው። እነዚህን ይዞ ወደ ቅዳሴ የገባ ሰው ካህኑ በለኆሳስ፣ ማለትም በዝግታ፣ ሲጸልይ የቃሉን ዘመድ ያገኘዋል። አይሁድም እያንዳንዱ ለራሱ በዝግታ የሚያደርሰውን የቁም ጸሎት ተፊላት ላሐሽ ይሉታል። በዛሬው ዕብራይስጥ ደግሞ ላሕሻን የሚባለው ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት ከመድረክ ጥግ የሚያስታውሰው ሰው ነው።

የድግምቱ ወገን ግን በዋዛ አልታለፈም። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ የሆነው ሚሽና በሳንሄድሪን 10፥1 ረቢ ዓቂባን ጠቅሶ፣ የፈውስ ተስፋ ያለበትን የዘፀአት 15፥26 ቃል ቁስል ላይ የሚደግም ሰው በሚመጣው ዓለም ድርሻ እንደሌለው ይናገራል። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ በበኩሉ በሰንበት እንኳ በእባብና በጊንጥ ላይ መድገምን ይፈቅዳል። ዘዳግም 18 የተከለከሉትን ጠንቋይና ደጋሚ ሲዘረዝርም ይህን ሥር አያነሣም።

በነህምያ ዘመን ሃሎሔሽ፣ ማለትም ባለ ሹክሹክታው፣ የሚባል ስም ያለው ወገን ነበር። የሃሎሔሽ ልጅ ሰሎም የኢየሩሳሌም አውራጃ እኩሌታ አለቃ ሆኖ፣ ከሴቶች ልጆቹ ጋር የከተማይቱን ቅጥር አደሰ። ሕዝቡ ሕጉን ለመጠበቅ ቃል ኪዳን ሲገባም፣ ከፈረሙት አለቆች መካከል ሃሎሔሽ የሚለው ስም ተጽፏል።