የሽንብራ ዘር ከመታደሉ አስቀድሞ

የዝናብ እጥረት ባጠቃው አካባቢ የሽንብራ ማሳ ጠውልጎ ሲታይ ጥፋቱን ሁሉ ለድርቁ መስጠት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የጠወለገው ተክል ተነቅሎ ሥሩና የግንዱ ግርጌ ለሁለት ሲሰነጠቅ መካከሉ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተገኘ፣ ገዳዩ የውሃ ማጣት ሳይሆን ፉዛሪየም የተባለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል። በዚህ የአጠውልግ በሽታ የተያዘ ሥር በውጭ ሲያዩት ጤነኛ ስለሚመስል ብዙዎች ይሳሳታሉ። ለመጀመሪያው ምርመራ ግን ከቢላዋ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ነገሩ የዘር ዕርዳታ የሚያድሉትን ሠራተኞች በቀጥታ ይመለከታል። ፈንገሱ በዘር ይተላለፋል፤ መሬት ከገባም በኋላ ሽንብራ ባይዘራበት እንኳ ከ6 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም ከየገበያው ተለቅሞ በጥድፊያ የታደለ ዘር የአንድ ወቅት ምርት ከማሳጣቱም በላይ ንጹሕ የነበረውን ማሳ በክሎ ሊተው ይችላል።

በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ የሚመረጠው ሆን ተብሎ በተበከለ መሬት ላይ ነው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሽንብራ የተፈተነው በዚሁ ዘዴ ነው። በበሽታው የሞቱ ተክሎች ተከታትፈው ከአፈሩ ጋር ይደባለቃሉ፤ በሚፈተኑት ዝርያዎች መካከልም በየጥቂት መስመሩ በሽታውን ፈጽሞ የማይችል ዝርያ ይዘራል። በሕንድ አገር ሐይደራባድ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ኢክሪሳት ለዚህ ተግባር ሲገለገልበት የኖረው ጄጂ 62 የተባለውን ዝርያ ነው። የዚህ ዝርያ ሞት የፈተናው ምስክር ነው፤ እርሱ ሳይሞት የሌሎቹ መትረፍ ምንም አያረጋግጥም፤ ምናልባት ፈንገሱ በመሬቱ ውስጥ በበቂ አልነበረምና። ከዚያ በኋላ የሞቱት በየጊዜው ይቆጠራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ተቋቋሚ የሚባለው ከ100 ተክሎች ከ10 የማይበልጡት የሞቱበት ዝርያ ነው።

ሆኖም ይህ ስም በየሥፍራው የሚሠራ የይለፍ ወረቀት አይደለም። ፈንገሱ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ስላሉት በአንድ አገር የጸና ዝርያ በሌላው ሊረታ ይችላል። ከዚህም ሌላ አበባና ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ሙቀትና ድርቀት ሲበረታ የሚነሣ፣ ደረቅ ሥር አበስብስ የሚባል በሽታ አለ፤ ዋናውን ሥር አጥቁሮ በቀላሉ ተሰባሪ ሲያደርገው ጎናዊዎቹ ሥሮች ይረግፋሉ። መንሥኤው ሌላ ፈንገስ በመሆኑ አጠውልግን የተቋቋመው ዝርያ በዚህኛው ሊሞት ይችላል። ለድርቅ አካባቢ ዘር ሲመረጥ ይህ ሁለተኛው ፈተና መዘለሉ በእኛ አስተያየት ከባድ ስሕተት ነው።

ዘር ተረካቢው ክፍል ዝርያው የት እንደተፈተነና በዚያው ማሳ በሽታውን የማይችለው ዝርያ ሞቶ እንደነበር በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህ ካልተገኘና በሽታው በቀበሌው መኖሩ ከታወቀ፣ ሽንብራውን ከማደል ይልቅ ለሚቀጥለው ክረምት የጤፍ ወይም የስንዴ ዘር ማዘጋጀት ይሻላል።