የቁፋሮ ማሽን ሥራና የሰው ሐቅ

  

ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለ አንድ ሥራ ነው። በከተሞቻችን ግንባታ ሲስፋፋ አንድ ኤክስካቫተር ወይም አንድ ሎደር ገዝተው መሬት በመቆፈር፣ በመቁረጥና በማስተካከል የሚተዳደሩ ቤተሰቦች በዝተዋል። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ የአንድ ሰው አይደለም። እህት ከዓረብ አገር የላከችው፣ አባት ከመሬት ሽያጭ ያስቀመጠው፣ እናት ወርቋን ሸጣ የጨመረችው ተደምሮ አንድ ያገለገለ ማሽን ይገዛል። ከወንድሞች አንዱ ኦፕሬተር ይሆናል፣ ሌላው ሥራ ያፈላልጋል። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ቤተሰብ ሪዝቅ በአንድ ሞተር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ይህ ሥራ ከሌሎች ሙያዎች የሚለይበት ነገር አለ። ጨርቅ የገዛ ሰው ቤቱ ወስዶ በክንዱ መልሶ ሊለካው ይችላል። በር ያሠራ ሰው በሩን እያየ ይከራከራል። የመሬት ሥራ ግን ይቀበራል። ጉድጓዱ ላይ መሠረት ይወጣበታል፣ የተሞላው አፈር ተጠቅጥቆ ወለል ይነጠፍበታል፣ የወጣው አፈር በገልባጭ ተጭኖ ይሄዳል። ከአንድ ወር በኋላ "ስንት ሰዓት ሠራ? ስንት ሜትር ኩብ ወጣ?" ቢባል መልሶ የሚለካ የለም። ስለዚህ ልኬቱ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ካልታወቀ፣ ኋላ የሚቀረው የአንዱ ቃል ከሌላው ቃል ጋር ነው። ሸሪዓችን በኪራይና በሥራ ውል ላይ ዋጋውም ጥቅሙም የታወቀ ይሁን ማለቱ፣ "ገረር" የሚባለውን ድፍንፍን ያለ ውል መከልከሉም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በሱረቱል በቀራህ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር መናገሩንም ሁላችንም እናውቃለን።

አብዛኛው ማሽን የሚከራየው በሰዓት ነው። በሸሪዓ ይህ "ኢጃራ" ይባላል። ማሽኑ ላይ የሰዓት ቆጣሪ አለ፤ ጠዋት ሲነሳና ማታ ሲቆም ይነበባል፣ ልዩነቱ በታይም ሺት ላይ ይሰፍራል፣ ሁለቱ ወገኖች ይፈርማሉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጠቡ ግን የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ሞተር የተነሳበትን እንጂ ባኬቱ አፈር የነካበትን ሰዓት አይደለም። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ምሳ ቢበላ ቆጣሪው ይሮጣል። አንዳንዱ ሆነ ብሎ ይህን ያደርጋል፤ ከሳይቱ ፎርማን ጋር ተስማምቶ ያልተሠራ ሰዓት የሚያስፈርምም አለ። ሚዛን የሚያጎድሉ ሰዎችን የሚያስጠነቅቀው ሱረቱል ሙጠፊፊን የእህልና የቅቤ ሚዛንን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የሰዓት ቆጣሪም ሚዛን ነው። ለፎርማኑ የሚሰጠውም ገንዘብ "የሻይ" ቢባልም ስሙ ጉቦ ነው።

በሌላ በኩል የባለማሽኑም ሐቅ አለ። ማሽኑ ዝግጁ ሆኖ ቆሞ ሳለ ተከራዩ ገልባጭ ባለማምጣቱ ሥራ ቢቆም፣ ጥፋቱ የባለማሽኑ አይደለም። በኢጃራ ሕግ አከራዩ ጥቅሙን ካስረከበ ተከራዩ ባይጠቀምበትም ኪራዩ ይገባዋል። ማሽኑ ተበላሽቶ ከቆመ ግን የቆመበት ጊዜ ኪራይ አይጠየቅም፤ ዋናው ጥገናም የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ ኪራዩ ከነነዳጅ ነው ወይስ ያለ ነዳጅ? ገልባጭ ሲጠበቅ ያለው ሰዓት እንዴት ይታሰባል? በቀን ቢያንስ የሚከፈለው ሰዓት ስንት ነው? ማሽኑን በሎቤድ የማምጣትና የመመለስ ወጪ የማን ነው? ለአንድ ቀን ሥራ የሎቤዱ ሒሳብ ከኪራዩ ሊበልጥ ስለሚችል ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር አይታለፍ።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር እንጨምር። ቆጣሪው የሚያሳየው በአሥረኛ ነው። ጠዋት 4,312.0 የነበረው ማታ 4,319.3 ቢል 7.3 ሰዓት ሠርቷል። ይህ 7 ሰዓት ከ30 ደቂቃ አይደለም፤ 7 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው፣ ምክንያቱም አንዷ አሥረኛ 6 ደቂቃ ናት። በየቀኑ 12 ደቂቃ በስህተት ቢጨመር በ25 የሥራ ቀን 5 ሰዓት ይሆናል። ማንም ሳያስበው የሰው ገንዘብ ወደ ቤታችን ይገባል። የሶላት ሰዓትም እንዲሁ ቀላል መፍትሔ አለው፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቆጣሪው ይቆማል፣ ኦፕሬተሩም ልቡ ሳይከፈል ይሰግዳል።

ሁለተኛው የውል ዓይነት በሜትር ኩብ የሚሠራው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አፈር ሲቆፈር ያብጣል። በመሬት ውስጥ ተጠቅጥቆ የኖረው አፈር ሲወጣ በመካከሉ አየር ይገባና ቦታው ይሰፋል። ለምሳሌ 10 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ ቦታ 2 ሜትር ቢቆፈር ጉድጓዱ 240 ሜትር ኩብ ነው። አፈሩ ጥቁር ሸክላ ሆኖ 30 በመቶ ቢያብጥ ተጭኖ የሚሄደው 312 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ ቢመጣ በመጀመሪያው ሒሳብ 15 ምልልስ፣ በሁለተኛው ወደ 20 ምልልስ ነው። ባለቤቱ 15 አስቦ 20 ሲጠየቅ "ተሰረቅሁ" ይላል፤ ባለማሽኑ ደግሞ 20 አስጭኖ የ15 ሲከፈለው "ተበደልኩ" ይላል። ሁለቱም ሐቀኛ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ያላሉት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ልኬቱ በጉድጓዱ ነው ወይስ በመኪናው? ይህች ቃል ውሉ ላይ ብትጻፍ ስንት ሽምግልና በቀረ ነበር!

በሙሌት ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። በመኪና የመጣው ገረጋንቲ ውኃ ጠጥቶ በሮሎ ሲጠቀጠቅ ያንሳል። ስለዚህ ሜዳውን ለመሙላት ከጉድጓዱ ልኬት በላይ አፈር ይፈልጋል። መጠቅጠቁም በስሱ እየተነጠፈ፣ 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል በየንጣፉ መሆን አለበት። አንድ ሜትር አፈር ባንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ ብቻ የሚጠቀጥቅ ሰው ከላይ ያማረ ሜዳ ያስረክባል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ የሰውየው ወለል ይሰነጠቃል። የተደበቀ ነውር ያለበትን ነገር ሳይናገሩ መሸጥን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው ከልክለዋል። በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ባገኙ ጊዜ ሻጩን የገሠጹበት ታሪክ የታወቀ ነው። ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ! ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ከዚህ በምን ይለያል?

ሦስተኛው የቁርጥ ውል ነው፤ "ይህን ጉድጓድ በዚህ ዋጋ ጨርስልኝ" የሚባለው። ለአሠሪው ይቀላል። አደጋው ግን ከመሬት በታች ያለውን ማንም አለማየቱ ነው። አንድ ሜትር ተቆፍሮ ጽኑ አለት ቢገኝ በአንድ ቀን ያልቃል የተባለው ሳምንት ይፈጃል፤ ባለማሽኑ ትቶ ይሄዳል ወይም ዋጋ ጨምሩልኝ ይላል። እኛ የምንመክረው ከውሉ በፊት በሁለት ሦስት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ እንዲቆፈር፣ የአፈርና የአለት ዋጋም ተለይቶ እንዲጻፍ ነው። የሙከራው ወጪ የትኛውንም ወገን አያደኸይም።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። ከደንበኛ ጋር ከሚነሳው ይልቅ ልብ የሚያቆስለው የቤተሰቡ ጠብ ነውና። እህት ከሪያድ ወይም ከዱባይ ገንዘብ ትልካለች፤ ወንድሟ ማሽን ይገዛበታል፤ "በየወሩ ይህን ያህል እልክልሻለሁ" ይላታል። ገንዘቧ ሙሉ በሙሉ ተመላሽ፣ ወርኃዊውም የተወሰነና የተረጋገጠ ከሆነ ይህ ብድር ላይ ትርፍ ማስከፈል ነው፤ ሪባ ነው፤ የወንድምና የእህት መሆኑ አይለውጠውም። ሐላል የሆኑት መንገዶች ግን ሰፊ ናቸው። ማሽኑ የጋራ ከሆነ በየድርሻቸው ባለቤቶች ናቸው፤ ኪራዩ ወጪው ከወጣለት በኋላ በድርሻ ይከፈላል፣ ኪሳራውም እንዲሁ። ወንድም በእጁ ስለሚሠራ የኦፕሬተርነት ደሞዙ ለብቻው ይወሰን፤ ይህ ካልተለየ አንዱ "እኔ ለፋሁ"፣ ሌላዋ "እኔ ገንዘቤን ሰጠሁ" እያሉ ዓመታት ያልፋሉ። ማሽኑ የእህት ብቻ ከሆነ ደግሞ ወንድሟን በደሞዝ ትቅጠረው፣ ወይም በታወቀ ኪራይ ታከራየው። ባለማሽንና ሠራተኛ ከሚገኘው ገቢ በመቶኛ መካፈላቸውን ከሐንበሊ መዝሀብ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ሊቃውንት አልፈቀዱትም፤ የሐንበሊ ሊቃውንት እንስሳ ለሠራተኛ ሰጥቶ ገቢውን ከመካፈል ጋር አመሳስለው ፈቅደውታል። በዚህ መንገድ መሄድ የፈለገ በአካባቢው ያሉትን ዑለማዎች ይጠይቅ።

ገንዘብ ያጠረውም ወለድ ውስጥ ለመግባት አይቸኩል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን የሚመለከት መመሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ካወጣ በኋላ መደበኛ ባንኮች አገልግሎቱን በመስኮት መስጠት ጀምረዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀመሩ። በሙራበሐ መንገድ ባንኩ ማሽኑን አስቀድሞ ገዝቶ ንብረቱ ካደረገ በኋላ ትርፉን ገልጾ በክፍያ ይሸጥልናል። መጠየቅ ያለብን ሁለት ነገር ነው፦ ባንኩ ከመሸጡ በፊት ማሽኑ የእርሱ ሆኗል ወይ? ክፍያ ቢዘገይ ዋጋው ይጨምራል ወይ?

በክፍያም ሆነ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ማሽን ክረምት ላይ ይቆማል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ጥቁር አፈር ማሽን ይውጣል፣ ገልባጭም አይገባበትም። የዘጠኝ ወር ገቢ ለአሥራ ሁለት ወር መብቃት አለበት ማለት ነው። በየዕለቱ ግራሶ፣ በየ250 ሰዓቱ ግድም የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ከዚያም ሰንሰለቱ፣ የባኬቱ ጥርስ፣ ፓምፑ አለ። ከእያንዳንዱ ሰዓት ኪራይ ለጥገና የሚቀመጥ ድርሻ ሳይለዩ ሁሉን ትርፍ ነው ብሎ ለሠርግና ለቤት ዕቃ ማዋል፣ ማሽኑን ቆራርጦ እንደመብላት ነው። ረዳቱና ጥበቃው ግን ሥራ ቀዘቀዘ ተብሎ ደሞዛቸው አይያዝ። ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን ያልሰጠ ሰው በቂያማ ቀን ባላጋራው አላህ ራሱ መሆኑ በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሰል ቁድሲይ ተነግሯል።

የጎረቤትም ሐቅ አለ። ከአጥሩ ሥር ቀጥ አድርጎ መቁረጥ የጎረቤትን ግድግዳ ያንሸራትታል። የተስተካከለ ግቢ ውኃ ከቤቱ እንዲርቅ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘቀዝቃል፤ ዝቅታው ወደ ጎረቤት በር ከሆነ ግን የእርሱን ጎርፍ እኛ ሠራነው ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለከፍተኛ አደጋ ያጋለጠ ሰው ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቦታው ችካሉን አንድ ክንድ ወደዚያ ቢገፋና "እዚህ ድረስ ቁረጥ" ቢለንስ? የይዞታ ካርታውን ሳናይ ባኬት አናሳርፍ። ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት በሐዲስ መጥቷል።

ጥልቅ ቦይ ውስጥ ሰው ማስገባት ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ከወገብ በላይ የተቀበረ ሰው መተንፈስ ይሳነዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ቦይ ጎኑ ካልተዳፋ ወይም በጣውላ ካልተደገፈ ማንም አይግባበት፤ የወጣው አፈርም ከአፋፉ ይራቅ። በድሮ ሰፈሮች አጥንት የወጣ እንደሆነም ማሽኑ ወዲያው ይቁም፣ የአካባቢው ሽማግሌዎችና ማዘጋጃ ቤቱ ይጠሩ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሙት አጥንት መስበርን በሕይወት ያለን ሰው አጥንት ከመስበር ጋር አመሳስለውታል። ባለቦታው ቢቸኩልም፣ ሒሳብ ቢቀነስም የሚታለፍ አይደለም።

ስለ ዘካም ብዙ ይጠየቃል። ለሥራ የተገዛ ማሽን በራሱ ዋጋ ዘካ የለበትም። በአብዛኞቹ የዘመናችን ዑለማዎች ዘንድ ከኪራዩ የተጠራቀመው ገንዘብ 85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ የሒጅራ ዓመት ከሞላበት 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ማሽን ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ማሽኑ ሸቀጡ ነውና በዋጋው ላይ ያወጣል። የጋራ ማሽን ያላቸው ወንድምና እህት እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን ከሌላው ገንዘባቸው ጋር ደምረው በየራሳቸው ቀን ያስሉ፤ ለዚህም ቀኑን፣ ለምሳሌ ረመዳን 1ን፣ ታይም ሺቱ በሚቀመጥበት መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት።

ወላሁ አዕለም።