ያገለገለች ትንሽ አይሮፕላን መርማሪዋ ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በአሜሪካ አገር በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ፣ ባዶ ክብደቷ ከ115 ኪሎ ገደማ በታች የሆነችውን ባለ አንድ መቀመጫ የመዝናኛ አይሮፕላን ለማብረር የአብራሪነት ፈቃድም ሆነ የምርመራ ወረቀት አይጠይቅም። እንግዲህ ለዓመታት ቆማ የከረመችውን የሚገዛ ሰው፣ ጠጋኙም መርማሪውም እርሱ ራሱ ነው።

ታዲያ ሥራው ከየት ይጀመራል? ከቀለም አይደለም። የክንፉን ጨርቅ ፀሐይ ስለሚያደክመው፣ መልኩ ቢያምርም ጥንካሬው ይፈተናል። የዛገ ወይም ክሩ የተበጠሰ የብረት ገመድ ይጣላል፤ በቡሎን ቀዳዳ ዙሪያም ስንጥቅ ይፈለጋል። የደረቀው የቤንዚን ጎማ ይለወጣል፤ ካርቡራተሩም ይጸዳል፤ ቤንዚን ያጣ ሞተር በአየር ላይ ይጠፋልና።

መኪና ቢበላሽ ከመንገድ ዳር ይቆማል፤ ሰማይ ግን ዳር የለውም። ተቆጣጣሪ በሌለበት ሥራ፣ ማንም ሳያይህ ደግመህ መመልከት የገዛ ሕይወትህን መጠበቅ ነው።