ሕግ፣ ጫማና መንጠቆ በአሜሪካ ወንዞች ዳር

በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ይመስላል። ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆና ትዕግሥት ካለ ሌላው ትርፍ ነው የሚል ይኖራል። በዩናይትድ ስቴትስ ግን አጥማጁ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያደርግ፣ ክሩ ላይ ከምን ማዕድን የተሠራ ክብደት እንደሚያስር፣ ከዚያም አልፎ በእግሩ ወንዝ ውስጥ መግባት ይችል እንደሆነ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝበት ክፍለ ግዛት ሕግ ነው። ከሕጎቹ በስተጀርባ ደግሞ የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ ጥያቄዎች አሉ።

ከወንዙ እንጀምር። የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ዲርቦርንና ስለ ቢቨርሄድ ወንዞች በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች፣ የወንዙ ወለል የማንም ይሁን የማን፣ ሕዝቡ በውኃው የመጠቀም መብት እንዳለው አረጋገጠ። በተከታዩ ዓመት የወጣው ሕግም ውኃው ወትሮ በሙላቱ ጊዜ እስከሚደርስበት መስመር ድረስ መራመድን ፈቀደ። የግል ማሳ አቋርጦ ወደ ወንዙ መድረስ ግን አልተፈቀደም፤ አጥማጁ በድልድይ ወይም በሕዝብ መሬት በኩል መግባት አለበት።

ኮሎራዶ በአንጻሩ ሌላ መንገድ ተከትላለች። እ.ኤ.አ. በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በግል መሬት ውስጥ በሚያልፍ ወንዝ ላይ በጎማ ታንኳ የተንሳፈፉ ሰዎችን ያለፈቃድ በሰው ይዞታ በመግባት ጥፋተኛ መሆናቸውን አጸና። በ1983 የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው አስተያየት መሠረት፣ ወለሉንና ዳሩን ሳይነኩ መንሳፈፍ በወንጀል አያስጠይቅም። እንግዲህ የመሣሪያው ምርጫ ከዚህ ይመነጫል፤ ሞንታና ውስጥ ጫማ የሚበቃው ሰው፣ ኮሎራዶ ውስጥ በግል መሬት ለማለፍ ጀልባ ያስፈልገዋል። መልሕቅ ቢጥልም ወለሉን ነካ ማለት ነው። በዴንቨርና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን መንጠቆ ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ይህን ልዩነት ቢያውቁ ይበጃቸዋል። አንድ አዛውንት አጥማጅ፣ የአርካንሳስ ወንዝ ግዛቲቱ በ1876 ስትመሠረት ለጀልባ ጉዞ የሚያገለግል ስለ ነበር ወለሉ የሕዝብ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2023 ክሱን የማቅረብ መብት የላቸውም በማለት ዘጋው፤ ዋናው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

በእግር መግባት በተፈቀደበት ሁሉ ጫማው ራሱ ጉዳይ ይሆናል። አጥማጆች ለረጅም ዘመን የሚመርጡት ሶሉ ፌልት ከተባለው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ የተሠራውን ነበር፤ በሙልጭልጭ ድንጋይ ላይ አያንሸራትትምና። ችግሩ ጨርቁ ውኃ ይዞ የሚቆይ መሆኑ ነው። ከውኃው ጋርም ዲዲሞ የተባለውን ባለአንድ ሕዋስ አልጌ፣ ወይም የትራውት ዓሣን ጫጩት የሚያሽከረክረውን ጥገኛ ተሕዋስ ሊያጓጉዝ ይችላል። ይህ በሽታ በ1994 በሞንታናው ማዲሰን ወንዝ ሲገኝ፣ ቀስተ ደመናማው ትራውት በአንዳንድ የወንዙ ክፍል ዘጠና በመቶ ያህል ቀንሶ ነበር። ሜሪላንድና ቨርሞንት በ2011 ፌልትን ከለከሉ፤ አላስካም በዚያው ወቅት ተከተለች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግኝት ነገሩን አወሳሰበው። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ዲዲሞ በብዙ ቦታ ቀድሞም የነበረ ሲሆን፣ ድንገት ወፍሮ ወለሉን የሚሸፍነው በውኃው ውስጥ ያለው ፎስፎረስ እጅግ ሲያንስ ነው። ቨርሞንት በ2016 ክልከላውን አነሣች። ሕጉ ከንቱ ነበር የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ጥገኛ ተሕዋሱ ከቦታ ቦታ መጓዙ አልቀረምና። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በ2018 ፌልትን ሲያግድ፣ ሞንታና ግን እንዲህ ያለ ክልከላ ሳታወጣ ማጽዳትንና ማድረቅን መርጣለች። ስለዚህ የፓርኩን ወሰን የሚሻገር አጥማጅ ጫማውን መለወጥ ሊኖርበት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ደግሞ ክርክሩ በእርሳስ ላይ ነው። ሉን የተባለችው ጠላቂ ወፍ ምግቧን በጡንቻማው ጨጓራዋ ለመፍጨት ጠጠር ትውጣለች። አብራ የምትውጠው የእርሳስ ክብደት በጨጓራው አሲድና በጠጠሩ ፍትጊያ እየተሟሟ ወደ ደሟ ይገባል፤ በሳምንታት ውስጥም ትሞታለች። በኒው ሃምፕሻየር ከ1989 እስከ 2012 ሞተው ከተመረመሩት ጎልማሳ ሉኖች ግማሽ ያህሉን የገደለው የማጥመጃ እርሳስ ነበር። ግዛቲቱ ከ2000 ጀምሮ ገደብ ጥላ፣ በ2016 ደግሞ 28 ግራም ያህልና ከዚያ በታች የሚመዝነውን ከልክላለች።

አጥማጁ ታዲያ በምን ይተካው? የእርሳስ ጥግግት 11.3 ግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአረብ ብረት 7.8፣ የተንግስተን 19.3። አሥር ግራም የሚመዝን ብረት ከእርሳሱ በአርባ አምስት በመቶ ያህል ይገዝፋል፤ ውኃው ወደ ላይ የሚገፋውም በዚያው መጠን ይበልጣልና ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ተንግስተን ግን ከእርሳስም አንሶ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ዋጋው ነው የሚያስቸግረው። ከአያት የተወረሰው ሣጥን ውስጥ ያለው እርሳስ ደግሞ ሕግ ወጣ ተብሎ በራሱ አይጠፋም። በዚህም ምክንያት በኒው ሃምፕሻየር እርሳሳቸውን ለሚያስረክቡ አጥማጆች በምትኩ የመግዣ ኩፖን የሚሰጡ መደብሮች አሉ።