ከቡችላው አስቀድሞ እናቲቱን

በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1660 እስከ 1685 ባለው ጊዜ፣ ከንጉሡ እግር የማይለዩ፣ ጆሯቸው ረጅም፣ ዐይናቸው ትልልቅ የሆነ ትንንሽ ውሾች በቤተ መንግሥቱ ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የሚባለው ዝርያም ስያሜውን የወረሰው ከእኒሁ ንጉሥ ነው። ጠባዩ የዋህና ሰው ወዳድ፣ ቁመናውም ለጠባብ ቤት የሚመች ስለ ሆነ፣ በአገራችን ውሻን የግቢ ዘበኛ አድርጎ ያወቀ ሰው እንኳ ኑሮውን በለንደን ካደረገ በኋላ ልጆቹ እንዲህ ያለ ቡችላ እንዲገዛላቸው ሲለምኑት እንቢ ማለት ይቸግረዋል። እንግዲህ ለመግዛት የቈረጠ ሰው ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጥ አጥብቆ ይመርምር፤ ቡችላው ምንም ቢያምር ስለ ትውልዱ ሊመሰክር አይችልምና።

ነገሩን የሚያከብደው ይህ ዝርያ ከአባት ከእናቱ የሚወርሰው ጽኑዕ ደዌ ያለበት መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ አንዳንዶቹም ገና በጕልምስናቸው፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከለው የግራ ልባቸው ቫልቭ እየተበላሸ ልባቸው ይደክማል። ሁለተኛው ደዌ ከዚህም ይልቅ ያሳዝናል፤ የራስ ቅላቸው የኋላ ክፍል ለአንጎላቸው ስለሚጠብብ፣ በአንጎልና በአከርካሪ መካከል የሚመላለሰው ፈሳሽ መንገዱ ይታወክና በሕብለ ሰረሰራቸው ውስጥ ጕድጓድ እያበጀ ይጠራቀማል። በዚህ የተያዘ ውሻ በማሰሪያ ሲሄድ ድንገት ቆም ይልና የኋላ እግሩን ወደ አንገቱ አንሥቶ፣ ቈዳውን ሳይነካ፣ ባዶውን አየር ያካል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ቁንጫ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ውሻው ግን በሥቃይ ላይ ነው። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በቀረበለት ክርክር የዚህ ዝርያ እርባታ የአገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይጥሳል ብሎ እስከ መፍረድ ደርሷል።

ስለዚህ ኅሊና ያለው አርቢ ውሾቹን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላቸው አያዳቅልም፤ የእነርሱም ወላጆች በአምስት ዓመታቸው ልባቸው ጤነኛ ሆኖ መገኘቱን አስቀድሞ ያረጋግጣል፤ የልቡንና የራስ ቅሉን ምርመራ ውጤት ሲጠየቅ ያለ ማንገራገር ያሳያል።

ንዋይን ብቻ የሚሻው ግን እናቲቱን ሰው ከማያያት ስፍራ ዘግቶ፣ ቡችሎቿን አጥቦና አበጥሮ ለነጋዴ ይልካል። ሉሲ የተባለች የዚሁ ዝርያ ውሻ በ2013 ዌልስ ውስጥ ከነበረ እንዲህ ካለ ማርቢያ ስትወጣ፣ በጠባብ ስፍራ ታጕራ ስትወልድ በመኖሯ የዳሌዋ አጥንት ተጣብቆ፣ አከርካሪዋ ጐብጦ፣ ጠጕሯም ተመልጦ ተገኘች። እርሷ በ2016 ሞተች፤ ማርክ አብርሃም የተባለው የእንስሳት ሐኪምና ባልንጀሮቹ ሲሟገቱ ቈይተው፣ በስሟ የሚጠራው ሕግ በ2020 በኤፕሪል ወር በእንግሊዝ ጸና። በዚህ ሕግ መሠረት ስድስት ወር ያልሞላውን ቡችላ ነጋዴ ገዝቶ ሊሸጠው አይችልም፤ ገዢው ራሱ ቡችላው ከተወለደበት ስፍራ ሄዶ፣ ከእናቱ ጋር ሳለ አይቶ ይገዛዋል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላውና ማይክሮቺፕ ሳይደረግለትም ከአርቢው ቤት አይወጣም።

ሕጉ ይህን ያህል ቢረዳም ገዢው ዐይኑን ከቡችላው ላይ አንሥቶ እናቲቱን ካላየ ከንቱ ነው። ጡቷ ወተት እንደ ያዘ፣ ቡችሎቹ ወደ እርሷ ሲሮጡ እንደምታውቃቸው፣ ባለቤቷ ሲጠራት ጅራቷን እየቈላች ትመጣ ወይም ወደ ጥግ ትሸሽ እንደ ሆነ ይመልከት፤ ለእይታ ብቻ ከሌላ ቤት የመጣች ውሻ ብዙ ጊዜ ቡችሎቹን ችላ ትላለችና። «እናቲቱ ሐኪም ቤት ናት፣ ቡችላውን መንገድ ላይ ላምጣልህ» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ትቶ መሄድ ነው። እጅግ የሚፈትነው የታመመ ቡችላ ሲያዩ የሚመጣው ርኅራኄ ነው፤ አዝኖ የገዛ ሰው አንዱን ቢያድንም፣ የከፈለው ገንዘብ እናቲቱን ለሌላ ወሊድ ያስቀራታል፤ ስለዚህ ያየውን ለአካባቢው አስተዳደር ማመልከት ለእርሷም ለቡችሎቿም የበለጠ ይጠቅማል።

መልካም አርቢ ከሚጠየቀው ይልቅ የሚጠይቀው ይበዛል፤ ቀን ከውሻው ጋር ማን እንደሚውል፣ ልጆቹ ስንት ዓመታቸው እንደ ሆነ፣ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችል ይመረምራል፤ ቡችላ ሳይወለድ ስም መዝግቦ ወራት የሚያስጠብቅም አለ፤ ይህም ገዢውን ሊያስከፋው አይገባም። ሲያስረክብ የክትባቱን ወረቀት ይሰጥና ውል ያስፈርማል፤ በውሉም ገዢው ውሻውን ሊይዘው የማይችልበት ሁኔታ ቢፈጠር፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ቢሆን፣ ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ለራሱ ለአርቢው እንዲመልስለት ግዴታ ያስገባዋል።